ምች የሚወደው ቤተሰብ

ያን ሐሙስ ጠዋት ጣይባ ባሏን ካልሲውን ራሱ እንዳያጠልቅ ከለከለችው። ሀምዱ የአርባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ መጋረጃና ምንጣፍ ይሸጣል፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳውን የምንጣፍ ጥቅልል ብቻውን በትከሻው ሲያወጣና ሲያወርድ ነው የሚውለው። አሁን ግን አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ሙሽራ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ሚስቱ እግሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ካልሲ ታጠልቅለታለች። «ጎንበስ ስትል ሽቦው ቢነቀልስ?» አለችው። ዓይኗ እሱ ላይ አልነበረም። ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለችውን፣ ከክብሪት ቤት ከፍ የምትለውን ጥቁር ሣጥን ነበር የምታየው። ከሣጥኗ የወጡ አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች በሸሚዙ ሥር ሽቅብ ሄደው ደረቱ ላይ በአምስት ክብ ፕላስተር ተጣብቀዋል።

ሣጥኗ የልብን ምት ሌት ተቀን የምትመዘግብ ናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የገጠመችለት የክሊኒኩ ነርስ የኔነሽ ናት። ፕላስተሩ እንዲይዝ ብላ የደረቱን ጸጉር አምስት ቦታ ላይ ክብ ክብ አድርጋ ላጨችና፣ «እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ገላዎን አይታጠቡ። ልብዎ ዘለል ካለብዎ ይችን ቁልፍ ይጫኑ። የሠሩትን ሁሉ ከነሰዓቱ እዚህ ወረቀት ላይ ይጻፉ» ብላ ሸኘችው። ክሊኒኩ ያለው ሣጥን አንድ ብቻ ስለሆነ ሀምዱ ተራ ሲጠብቅ ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል። ተራው ደርሶ ደርሶ የወንድሙ ልጅ ዐቂል ኮምቦልቻ ሽማግሌ በሚልክበት ቀን ላይ ዋለ። ሀምዱ ዋናው ሽማግሌ ነው። ቀኑ ይቀየርልኝ ቢል የኔነሽ መዝገቧን ገልጣ፣ «እንግዲያው ከአረፋ በኋላ ነዋ» አለችው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሀምዱም ሣጥኑን ታጥቆ ሽማግሌ ለመሄድ ወሰነ።

የሀምዱ ቤተሰብ ወንዶች ቆመው ይሞታሉ። አባቱ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ሁለተኛውን እግራቸውን ሳይታጠቡ ሞቱ። ትልቁ አጎቱ ደጋን ገበያ ላይ በሬ ሲጎትቱ ወደቁ፤ በሬው እንኳ ቆሞ ጠበቃቸው ይባላል። ከስምንት ወር በፊት ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ዑዘይር፣ የዐቂል አባት፣ ሐርቡ አጠገብ ጭቃ የያዘውን አይሱዙ ከሰዎች ጋር ሲገፋ ውሎ፣ መኪናው ሲወጣ ከሁሉም በላይ ጮሆ ሳቀና መንገድ ዳር ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። ለሦስቱም ቤተሰቡ አንድ መልስ አለው፤ ምች መታው። ምች ጥሩ በሽታ ነው። ከውጭ ይመጣል፣ ጥፋቱ የፀሐይ ነው፣ ዘር አይቆጥርም፣ ሴት ልጅ ለማጨትም ሆነ ለመዳር እንቅፋት አይሆንም። ነገሩን ያበላሸው ዶክተር ሰማኸኝ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ የሦስቱን ሰዎች አሟሟት ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠና ሀምዱን ክሊኒኩ ድረስ ጠራው። ደረቱን በመሣሪያ አየና፣ «የልብዎ ጡንቻ ወፍሯል» አለው። ሀምዱ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ጡንቻ ወፈረ ሲባል ሙገሳ መስሎት «አልሐምዱሊላህ» አለ። ዶክተሩ ነው ቀስ ብሎ ያስረዳው። እንዲህ ያለ ልብ አንዳንዴ ምቱን ስቶ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ደም አይረጭም፤ ሰውየው ቃሉን ሳይጨርስ ይወድቃል። በሽታው በዘር ይወርዳል፤ አንድ አባት ለልጁ የማውረዱ ዕድል እኩል በኩል ነው። ስለዚህ ሀምዱ የልቡን ምት በሣጥን ማስመዝገብ፣ ዐቂል ደግሞ መመርመር አለበት። ሀምዱ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአንድ ባጃጅ ወርዶ ሌላ ባጃጅ ተሳፈረ፤ ለምን እንደወረደ ግን አላወቀም። ፈርቶ ነበር።

ዐቂል ግን በጄ አላለም። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እንደ አባቱ ጮሆ ይስቃል። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ኒካዬ ይታሰር። ከዚያ በኋላ ልቤን ብቻ አይደለም፣ ጉበቴንም ገልብጠው ይዩት» አለው። ነገሩ ለሀምዱ ገባው። በዘር የሚወርድ በሽታ አለበት የተባለ ልጅ ደሴም ኮምቦልቻም ሚስት አያገኝም። እናም ዝም አለ። ዝም ባለ ቁጥር ግን ሐርቡ መንገድ ዳር ቁጭ ያለው ወንድሙ እየታየው፣ ቁጭ ያለው ሰው ፊት አንዳንዴ የዐቂልን ፊት ይመስልበታል።

ካልሲው ከተጠለቀ በኋላ ጣይባ ሌላ ጭንቅ ይዟት ተነሳች። ዶክተሩ የዘወትር ኑሮህን ኑር ብሏል፤ ደረጃ ውጣ፣ ብላ፣ ተናደድ፤ ልብ በተለመደው ቀን ምን እንደሚሠራ ነው የምንፈልገው ብሏል። እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃ ከልክላዋለች፣ ጨው ከልክላዋለች፣ ምንጣፍ ማንሳቱንማ ተዉት። «እኛ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት አንጣላም?» አለችው ድንገት። «እንጣላለን» አለ ሀምዱ። እውነቱን ነው፤ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁን አርፍዶ ስለመክፈቱ ይጣላሉ። «እንግዲያው ና እንጣላ፤ ሣጥኑ ይጎድልበታል» አለችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጀመረች። ስለ ሱቁ ቁልፍ፣ ስለ እናቱ ጥርስ፣ ባለፈው ረመዳን ሳምቡሳውን ጨርሶ ጎረቤት በልቶታል ስላለው ነገር ደረደረች። ሀምዱም የድርሻውን ሊመልስ አፉን ሲከፍት የጣይባ ድምፅ ተሰበረ። «ምን አባህ ነው ታዲያ…» ብላ መጨረስ አቃታትና ጀርባዋን ሰጥታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሀምዱ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጣላት እንደዚህ ተሸንፎ አያውቅም። ሊያቅፋት ተነሳ፤ ሽቦው ይነቀላል ብላ ገፋችው። ብዕሩን ከሸሚዙ ኪስ ጋር በክር አስራለት ነበርና አውጥቶ ጻፈ፤ «3፡10 — ካልሲ ተደረገልኝ። 3፡25 — ጠብ ተሞከረ፤ አልተሳካም።»

አራት ሰዓት ላይ ዐቂል ከጓደኛው የተዋሳትን ቪትዝ ይዞ መጣ። ከፊት ወንበር ላይ ሀጂ አብዱልባሲጥ ተቀምጠዋል። ሀጂ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አንደበታቸው ግን ገና ነው፤ ሆጤ ውስጥ ያለ እሳቸው የታሰረ ኒካ አይረጋም ይባላል። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ የብርዱ ጋቢ በየመታጠፊያው እየተገፈፈ፣ አንገት እየተፈታ፣ መስኮት እየወረደ ሄደ። ሀጂ ትእዛዛቸውን ሰጡ። «ስለ በሽታ ማንም አያነሳ። ከተነሳም ምች ነው። ሽማግሌ የሄደ ሰው የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም ያውቃል።» ሀምዱ ቀስ ብሎ፣ «ሀጂ፣ ኋላ ቢሰሙስ?» ቢላቸው፣ «ምን አልክ?» አሉ። ጮክ ብሎ ደገመው። «አዎ፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል» አሉት። ዐቂል መሪውን ይዞ ሳቀ፤ በመስታወቱ ግን የአጎቱን ዓይን አላይ አለ። ሀምዱ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ጋር ሲደመር ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነበር።

የልጅቷ የኢክራ አባት ሸረፈዲን ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ወፍጮ ቤት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ጋር ሲነጋገር ስለኖረ «አሰላሙ አለይኩም» ሲል እንኳ ግቢው ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ይበተናሉ። ሀጂ አብዱልባሲጥ ደስ አላቸው፤ በስንት ዓመታቸው ያለ ጭንቀት የሚሰሙት ሰው አገኙ። ዐቂል በደንቡ መሠረት ቤቱ ደጃፍ ሳይታይ መኪናውን ይዞ ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ፍራሽና ትራስ የተዘረጋበት የእንግዳ ክፍል፣ መጅሊሱ ውስጥ ገቡ። ጣሪያው ላይ የተሰቀለ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። ሀምዱ እንደ ነጋዴ ልማዱ በመጀመሪያ ያየው መጋረጃውን ነው። ክፍሉን ከሴቶቹ ክፍል የሚለየው መጋረጃ እሱ ራሱ የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ ባለፈው ዓመት በሜትር መቶ ሰማንያ ነበር፣ ዘንድሮ ሁለት መቶ ሃምሳ ገብቷል፤ ስስ ነው፤ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይከልልም። ከበስተጀርባው ሁሉም ነገር እንደሚሰማ ገባው። ስለ ጤፍ ዋጋ ተጨዋወቱ፣ ስለ መብራት መቆራረጥ ተጨዋወቱ፣ ሸረፈዲን ልጄ ደሴ ከገባች በብርድ ትደርቅብኛለች አለ፣ ሀጂ የደሴ ብርድ ሰውን እንደ ቋንጣ ያቆያል አሉ። ሁሉም ሳቀ። ሀምዱ ብቻ በጃኬቱ ውስጥ እየቀለጠ ነበር።

«እርስዎ ጃኬትዎን አያወልቁም እንዴ?» አለ ሸረፈዲን።

«ደህና ነኝ» አለ ሀምዱ፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ትራሱ ላይ ጠብ አለ።

ከምሳ በፊት ወሬው ወደ ዋናው ነገር ዞረ። ልጁ መልካም ነው፣ ሥራ አለው፣ ሶላቱን ይሰግዳል። «አባት የለውም ብላችኋል» አለ ሸረፈዲን። «አላህ ይዘንለትና ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

«ምች» አሉ ሀጂ ፈጠን ብለው።

«ደሴ ላይ ምች? ደሴ ፀሐይ የምትወጣው እኮ ፈቃድ ጠይቃ ነው!»

«ሐርቡ ላይ ነው፤ ሐርቡ ይሞቃል።»

«እውነት ነው፣ ይሞቃል። አያቱስ?»

«እሳቸውም ምች።»

«እሳቸውስ የት ሄደው?»

«ውዱእ ላይ ነው» አሉ ሀጂ፤ ትንሽ አሰቡና፣ «ውሃው ሙቅ ነበር» ብለው ጨመሩ።

ሸረፈዲን ጢሙን አሻሸ። መጋረጃው በትንሹ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ሀምዱ ዞረ። «ደጋን ገበያ ላይ አንድ አጎታችሁ ወድቀው ሞቱ ሲባል ሰምቻለሁ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እሳቸውስ?»

ሀምዱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልዋሸም ነበር፤ ዝም ብሎ ሲዋሽ መስማት ብቻ ነበር ሥራው። የሀጂን ዓይን አየ። ዛፍ ሥር የቀረውን ልጅ አሰበ። «ምች» አለ። ቃሉ ገና ከከንፈሩ ሳይላቀቅ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደተያዘ ወፍ ተራገበ፤ ክፍሉ ጠርዝ ጠርዙ ጠቆረበት፤ የማራገቢያው ድምፅ ራቀ። ሞት እንዲህ በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ውሸት አፍ ላይ ይዘው የሚቀበሉት ነገር ሊሆንበት ነው። «ያ ረቢ፣ በዚህች ቃል ላይ አይሁን» አለ በልቡ። ወፉ ቆመ። ብርሃኑ ተመለሰ። ነርሷ ያለችው ትዝ አለውና በጃኬቱ ሥር እጁን ሰዶ ቁልፏን ተጫነ።

«ጢጥ!» አለች ሣጥኗ።

ሸረፈዲን ጆሮውን አቆመ። ሀምዱ በኋላ እንደሰማው፣ ሰውየው ባለፈው ዓመት ከአማቹ ጋር በድንበር ተጣልቶ የተሳደበውን አንድ ሰው በስልክ ቀድቶበት፣ ስድቡ ኮምቦልቻን አዳርሶ ደሴ ድረስ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጢጥ የሚል ነገር አይወድም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስልክ ነው» አለ ሀምዱ። ስልኩ ግን ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርሯል። ሸረፈዲን ስልኩን አየ፤ ከዚያ ከሀምዱ ኮሌታ ሥር ብቅ ያለችውን ቀይ ሽቦ አየ። በሰላምታ የጀመረው «እርስዎ» እዚያው ላይ አበቃ።

«አንተ! እየቀዳኸኝ ነው!» ብሎ ከፍራሹ ዘለለ። «ቤቴ ገብተህ፣ ልጄን ልትለምን መጥተህ፣ ትቀዳኛለህ? ለካ ልጁ ስልክ ጠጋኝ ነው! እሱ ነው የገጠመልህ! ልጄን ሳይወስድ ድምፄን ሊወስድ!»

«ወላሂ ድምፅ አይቀዳም» አለ ሀምዱ።

«ታዲያ ምን ይቀዳል?»

«ልቤን።»

«ልብህ ስለ እኔ ምን አለ? አሰማኝ! አሁን አሰማኝ!»

ሀምዱ ሌላ መላ ሲያጣ ተነስቶ ጃኬቱን ከፈተ፣ ሸሚዙንም ከፈተ። ጸጉራም ደረቱ አምስት ቦታ ተላጭቶ፣ በየላጩ መሐል ፕላስተር ተለጥፎበት፣ ሽቦ ተጎልጉሎበት ታየ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ አፏን ስትይዛት ተሰማ። ሀጂ አብዱልባሲጥ ጩኸቱን እንጂ ነገሩን አልተከታተሉም ነበር። የሁሉም ዓይን ሀምዱ ደረት ላይ መሆኑን ሲያዩ ስለ ፕላስተሩ የተጠየቁ መሰላቸው። እጃቸውን አንስተው፣ «አብሽሩ! እሱም ምች ነው!» አሉ።

«ይህ ቤተሰብ ምችን በዝምድና ነው እንዴ የያዘው?» ብሎ ጮኸ ሸረፈዲን።

ያኔ ነው ሀምዱ የበቃው። ደረቱ እንደተከፈተ፣ ላቡ እየወረደ፣ ቁጭ አለ። «ምች አይደለም» አለ። «ምች የመታው አንድም ሰው የለንም። ወንድሜ መኪና ገፍቶ፣ ስቆ፣ ተቀምጦ ነው የሞተው። አባቴም አጎቴም እንደዚያው። የልብ በሽታ ነው፤ በዘር የሚወርድ ነው። እኔ ላይ ተገኝቷል። ይህች ሣጥን ልቤ መቼ እንደሚስት ትጠብቀኛለች፤ አሁን በዚህች ደቂቃ ሳይስት አልቀረም። ልጁም ሊኖርበት ይችላል፣ ላይኖርበትም ይችላል፤ አልተመረመረም። አልመረመርም ያለው ልጃችሁን እንዳትነፍጉት ፈርቶ ነው። እኔም ዝም ያልኩት ለዚያው ነው። ወንድሜን ቀብሬያለሁ ሸረፈዲን። ልጁን ደግሞ በምች ስም መቅበር አልችልም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሀምዱ የወንድሙን ልጅ ትዳር በገዛ አፉ እንዳፈረሰ ገባው፤ አዘነ፤ ደረቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው። ሸረፈዲን ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከኝም?» አለ። ሀጂ ወደ ሀምዱ ጠጋ ብለው፣ «ምን አለ? ጥሩ ሲሰማኝ ቆይቶ ጠፋብኝ» ብለው ጠየቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለስንት ሰው የተረቱት እሳቸው ነበሩ፤ ነገሩ በጆሯቸው ሲነገራቸው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወለሉን አዩ።

«አባባ» አለ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ። ኢክራ ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ድምፅዋ ማዘዣ አንብባ የለመደች ሰው ድምፅ ነው። «ከባሌ የምቀበለው መህር ምን እንደሆነ እኮ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።»

«የምን መህር ነው አሁን!» አለ አባቷ።

«ወርቅ አልፈልግም። ዐቂል እንደዚያች ያለች ሣጥን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይታጠቅ፤ ሐኪም የጻፈበትን ወረቀት ያምጣልኝ። መህሬ እሱ ነው።»

«ወረቀቱ ክፉ ነገር ይዞ ቢመጣስ?»

«ደህና ነው የሚል ወረቀት ያምጣ አላልኩም፤ ያምጣ ነው ያልኩት» አለች። «ምች ነው እየተባልኩ መበለቱ ከምሆን፣ አውቄ ሚስቱ ልሁን።»

ሸረፈዲን መጋረጃውን አየ። በመህር አባት እንደማይገባበት ያውቃል፤ የሴቷ መብት ነው። ግን ማምለጫ ያገኘ መስሎት ወደ ሀጂ ዞረና፣ «ሀጂ፣ ልጁ ተመርምሮ የሐኪም ወረቀት ማምጣቱ መህር ይሆናል?» አላቸው በሙሉ የወፍጮ ድምፁ። ሀጂ አብዱልባሲጥ ጥያቄውን በአንዴ ሰሙት። «በቁርአን ማስተማርም ኒካ ታስሯል» አሉ። «ይህ አያንስም። እኔ በዕድሜዬ ብዙ መህር አስቆጥሬያለሁ፤ የሙሽራውን ነፍስ ያተረፈ ግን አላየሁም።» ከዚያ ሀምዱን አይተው፣ «ሸሚዝህን ቆልፍ፤ ሽማግሌ ነህ እኮ» አሉት።

ዐቂል ከዛፉ ሥር ተጠራ። ፊቱ በርቶ፣ ተፈቀደልኝ ብሎ ነው የገባው። አማቱ ሊሆን የሚችለው ሰውዬ መህሩን በጩኸት ሲነግረው አጎቱን አየ፤ የተከፈተውን ሸሚዝ አየ፤ ሁሉም ነገር ገባው። ሀምዱ ልጁ ይቆጣል፣ ወይ ጥሎ ይወጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። ዐቂል ግን መጋረጃውን እያየ፣ «እሷ ነች ያለችው?» አለ። «እኔ ነኝ» አለ መጋረጃው። «እሺ» አለ ዐቂል። አንድም ቃል አልጨመረም፤ ጮሆም አልሳቀም። ሀምዱ ልጁ ምን ያህል ሲፈራ እንደኖረ ያኔ አወቀ፤ ስምንት ወር ሙሉ ያ ሁሉ ሳቅ የፍርሃት ነበር። ስምምነቱን የሚዘጋው የፋቲሃ ዱዓ ወረቀቱ እስኪመጣ ቆየ፤ ምሳው ግን አልቆየም፤ ሸረፈዲን ራሱ ለሀምዱ ሥጋ እየመረጠ አጎረሰው። ሀምዱ ወረቀቱን አውጥቶ በቅባት ጣቱ ጻፈ፤ «5፡40 — ምች አልኩ። ልቤ ዘለለ። 5፡50 — እውነቱን ተናገርኩ። 7፡00 — ጎረስኩ፤ ጨው ነበረው፤ ለጣይባ እንዳይነገር።»

በማግስቱ አርብ ጠዋት፣ ዶክተር ሰማኸኝ ሣጥኗ ያወጣችውን ረጅም የመስመር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። ሀምዱ፣ ጣይባና ዐቂል ተደርድረው ተቀምጠዋል። «እዚህ ጋ» አለ ዶክተሩ በብዕሩ ጫፍ እየነካ። «ዐሥራ ሁለት የተዛቡ ምቶች ተከታትለው መጥተዋል፤ አደገኛ ዓይነት ናቸው። በራሳቸው ቆመዋል።»

«ባይቆሙስ?» አለች ጣይባ።

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ልብ ሲስት በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ እንዳለ፣ ለዚያ አዲስ አበባ መላክ እንዳለበት፣ እስከዚያው በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን እንደሚያዝለት፣ ምንጣፍ ማንሳት ከዛሬ ጀምሮ እንደቀረ ነገራቸው። «ምቱ በሣጥኗ መያዙ ትልቅ ነገር ነው» አለ። «ብዙ ሰው አይያዝለትም።» ጣይባ የባሏን እጅ ያዘች፤ በሰው ፊት ይዛው አታውቅም። ዶክተሩ የሀምዱን ማስታወሻ እያገላበጠ፣ «ሰዓቱ አምስት ከአርባ ይላል። በዚያች ደቂቃ ምን እያደረጉ ነበር?» አለ።

ሀምዱ ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። «እየዋሸሁ ነበር።»

«ከአሥር ደቂቃ በኋላስ? እዚህ ላይ ፈጥኖ ይመታል እንጂ ሥርዓቱን አለቀቀም።»

«እውነቱን እየተናገርኩ ነበር።»

ዶክተሩ ውሸትና ልብ በቀጥታ እንደማይገናኙ፣ ነገሩ ጭንቀቱና ሙቀቱ ሊሆን እንደሚችል ሊያስረዳ ሞከረ። ጣይባ ግን የሚበቃትን ሰምታለች። «ሰማህ?» አለችው ሀምዱን። «ሐኪም ከልክሎሃል። ከእንግዲህ መርቃና ላይ ቆይተህ ሱቅ ነበርኩ ካልክ ራስህን ገደልክ ማለት ነው።» ሀምዱ ሊከራከር አስቦ ደረቱን ዳበሰና ተወው።

የኔነሽ በዚያች ሣጥን ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዛ መጣች። ለዛሬ የተመዘገበችው ሴትዮ ኮረም ለቅሶ ሄዳለች፤ አንድ ቀን ባዶ አለ። ዐቂል ሳይጠየቅ ሸሚዙን አውልቆ አልጋው ላይ ወጣ። የኔነሽ ምላጩን ስታስጠጋ ኮርኩሮት ተንፈራገጠ፤ «ዝም በል አንተ፣ ጡትህን ቆርጬ እሰጥሃለሁ!» አለችው፤ ያኔ ጮሆ ሳቀ፤ የአባቱን ሳቅ። ሀምዱ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ያን ሳቅ ሲሰማ፣ ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ጠበቀ። ዝምታው መጣ። ዐቂል ግን ተነስቶ ተቀመጠ፣ ሽቦውን ገለጥ አድርጎ የሥራው ነገር ሆኖበት መረመረው፣ ከዚያ ብዕርና ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ሀምዱ በትከሻው ላይ አሻግሮ አነበበ።

«3፡05 — መህሬን መክፈል ጀመርኩ።»